የበጉ ቡኒ

ከአይሱዙ ላይ ወረደ፣ ስምንት ካርቶን ሙሉ፤
ደብረ ብርሃን ገባ፤ «ኤልኢዲ ነው» አሉ።
ክዳኑ ላይ ጽፏል፤ ቀለሙ ሲቆጠር
አሥራ ስድስት ሚሊዮን።
እኔ በዚህ አገር
ከጉምና ከውርጭ ግራጫ ስቆጥር
አሥራ ስድስት እንኳ ሞልቶልኝ አያውቅም፤
ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ጋሽ ወሰንየለህ ግን፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
አሮጌ ፓውዛዎች እንደ ፍም ሲግሉ
በጨርቅ ይዞ ያዞረ፣ ጣቱ ጠባሳ የበዛበት፣
አዲሱን ዳሰሰው መዳፉን ጭኖበት።
«አይሞቅም?»
«አይሞቅም፤ ጥቅሙ ይኸው ነው» አልኩት።
«ታዲያ ሰው ፊቱ ሲቆም በምን ያውቅበት?»

ማክሰኞ ልምምድ ነው፤ ትርንጎ ወጣችና
ቆመች መድረኩ ላይ፤ ትከሻዋ ላይ ባና፤
እትዬ ጥሩአየር አክስቷን ለምና
ከመሐል ሜዳ ያስመጣችው፣
ማቅለሚያ ያልነካው፣
ከበጉ እንደወረደ፣ በጉ እንደለበሰው።

ነጩን ገፋሁ ወደ ላይ። ጥርት ያለ፣ ብሩህ ነው፤
ባናው ግን አረንቋ ነው።
ያደረ ኩሬ ውኃ፣ ላዩ የሻገተ፤
ጉንጯ ከፊቷ ጠፋ፣ ከንፈሯ ሞተ፤
በእጇ የያዘችው ቀይ መሐረብ እንኳ
ብርቱካን ሸተተ።

«በስልኬ ሲታይ ያምራል» አለ አዘጋጁ፣
ስልኩን እያቀበለ ካንድ እጁ ወደ አንድ እጁ።

ሥጋ ቤቱ ጎናችን ነው፤ ደምሰው ሰማና
መጣ ከነሽርጡ፤ በሩን ተደገፈና፦
«እኔ» አለ «አንድ ቀይ አምፖል ሰቅዬ፣
የትናንቱን ሙክት የዛሬ አስመስዬ
ሸጬ አድራለሁ፤ ኃጢአቴን አውቃለሁ።
እናንተ ግን፣ ጉዶች፣
ይህን ሁሉ ብር ከስክሳችሁ፣
የዛሬዋን ልጅ የትናንት አደረጋችሁ!»

ማታ መመሪያውን በእጅ ባትሪ አነበብኩ፤ ምስጢሩ እዚያ አለ።
ቀይ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ ሰማያዊም አለ፤
በቀዩና በአረንጓዴው መሃል ግን ገደል አለ፣
እንደ ጣርማበር አፋፍ ጉም የሞላበት፣
ስንት ቢጫ፣ ስንት ጠይም ወድቆ የቀረበት።
ዓይን «ነጭ ነው» ብሎ ያልፋል፤ ዓይን ይታለላል፤
ጨርቅ ግን ያልሰጡትን ከየት ይመልሳል?

ረቡዕ ጋሽ ወሰንየለህ ግምጃ ቤት ገባና
ከተሰበረ ወንበር ሥር ጎተተና
አንዷን አመጣት፤ አሮጌ ሃሎጅን፣ መስታወቷ የላላ፣
አምፖሏ የመጨረሻ፤ መለወጫ የላት ሌላ።
ሰካናት።
አቧራዋ ተቃጥሎ አዳራሹን አጠነ፤
አጉረመረመች። ቆየች።
ባናው ተመለሰ፤
ትርንጎም ተከትላ፣ ደሟ ጉንጯ ደረሰ።

በግራ ሰቀልናት፤ ባናውን ከላይዋ ገፍፋ
ለወንድሟ የምትሰጥበት ቦታ ላይ ብቻ።
«ሃያ ሰዓት ከቆየች እድለኞች ነን» አለኝ፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን
እኔም አልጠየቅሁት፣ እሱም አልነገረኝ።

ሐሙስ ጠዋት ባናውን አጥር ላይ አሰጣሁ፤
ውርጩ ገና አልለቀቀም፤ ፀሐይዋን ጠበቅሁ።
ወጣች።
ቡኒ ስለው ኖሬ፣ ለካ አንድ አልነበረም።
የታረሰ ዋልካ፣ የተቆላ ገብስ፣
የዛገ ሚስማር ጫፍ፣ የጥጃ ጆሮ ውስጡ፣
ከበጉ ጎን ወደ ሆዱ ተያይዘው ሲሮጡ፤
ካርቶን ላይ ያልተጻፉ፣ ስም ያልወጣላቸው፤
በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኳቸው።

ዘጠኝ ላይ ስደርስ ትርንጎ በሩ ላይ ቆመች፣
እጇን እያሻሸች፣ እየተንቀጠቀጠች፤
«አንተ! ባናዬን አምጣ፤
መብራትህ አይሞቅም» አለች።